ከአቡ ሁረይራ ዛፍ እስከ ሩሰይፋ ፎቅ

ከመዲና ተነስቶ በጅዳ በኩል የሚመጣው ፈጣን ባቡር መጨረሻው ሩሰይፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ሥራ የጀመረው የሐረመይን ባቡር 450 ኪሎ ሜትሩን በሰዓት እስከ 300 ኪሎ ሜትር እየከነፈ ይጨርስና ከመስጂደል ሐራም በስተ ምዕራብ በምትገኘው በዚህች የመካ ሰፈር ይቆማል። ክርስቲያን ሐበሻ እዚህ ድረስ አይመጣም፤ መካ ሙስሊም ላልሆነ ሰው የተከለከለች የሐረም ክልል ናትና ጉዞው ጅዳ ላይ ያበቃል። ሙስሊሙ ግን ከወሎም፣ ከጅማም፣ ከአርሲም፣ ከሐረርጌም መጥቶ፣ በሰው ቤት ተቀጥሮ ወይም ከወገኑ ጋር ክፍል ተጋርቶ በመካና በጅዳ ሰፈሮች ይኖራል።

በሰው ቤት የምትሠራ ሐበሻ ላይ ከሚጨመሩት ሥራዎች አንዱ ድመት መንከባከብ ነው። የቤቱ ልጆች አንድ ቀን ጸጉሯ የተንዠረገገ ግልገል በካርቶን ይዘው ይመጣሉ፤ ዐረቦቹ ሺራዚ የሚሏትን ዓይነት። ከዚያ በኋላ አሸዋው፣ የአሸዋው ሣጥን፣ ሳህኑ፣ ደረቁ ምግብ፣ መቧጠጫው ተራ በተራ ይገዛል። ዕቃውን የምትገዛው ማዳም ናት፤ አሸዋውን የሚዝቀውና ውኃውን የሚቀይረው እጅ ግን የሠራተኛዋ ነው። በሒጃዝ ለድመት ቤት የማሰናዳት ወግ ወደ 1400 ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ይሄዳል። በዚያ ዘመን ሁሉ ከቀይ ባሕር ማዶ የሄዱ ሐበሾች በማጀቱ በኩል አሉበት፤ በመጽሐፍ ስማቸው የሚገኘው ግን ከስንት አንዱ ነው።

የወጉ መነሻ አንድ እረኛ ነው። አቡ ሁረይራ የደውስ ጎሳ ሰው ነበሩ። በሂጅራ 7ኛው ዓመት ወደ መዲና መጥተው ከነቢዩ ሙሐመድ አጠገብ ሳይለዩ ኖሩ፤ ከሰሓባዎች፣ ማለትም ከነቢዩ ባልደረቦች፣ ሁሉ ብዙ ሐዲስ ያስተላለፉትም እሳቸው ናቸው፤ 5,374 ይቆጠርላቸዋል። ይህን ስም ያገኙት በድመት ነው። የሐዲስ ሰብሳቢው ቲርሚዚ እንደመዘገቡት፣ ስለ ስማቸው ሲጠየቁ የነገሩት አጭር ነው። የቤተሰባቸውን በጎች ይጠብቁ ነበር፤ አንዲት ትንሽ ድመት ነበረቻቸው፤ ሌሊት ዛፍ ላይ ያሳድሯታል፣ ሲነጋ ይዘዋት ይወጡና ሲያጫውቷት ይውላሉ። ሰዎች ያንን አይተው "የግልገሏ ድመት አባት" አሏቸው።

በዚያች አጭር ወሬ ውስጥ ዛፉ ትልቅ ቦታ አለው። በረሃ ላይ መሬቱ ሌሊት የእባብ፣ የቀበሮና የውሻ ነው፤ በጎች ያደሩበት ደግሞ ተኩላም ይመጣል። እረኛው ለድመቷ የመረጠላት ማደሪያ ከፍ ያለ ነበር። ዛሬ የእንስሳት ሐኪሞች አዲስ ግልገል ለሚያመጣ ሰው ከሚሰጡት ምክር አንዱ ይኸው ነው፦ የምትወጣበት፣ ከላይ ሆና ቤቱን የምታይበት፣ ስትፈራ የምትሸሸግበት ከፍታ አዘጋጁላት ይላሉ። ቀን ላይ አብሮ መዋሉም ትርጉም አለው። ግልገል ከሰው ጋር የምትላመደው በተለይ ከ2ኛው እስከ 7ኛው ሳምንት ባለው ዕድሜዋ ነው፤ በዚያን ጊዜ የሰው እጅ ያልነካት ድመት ስታድግ ከሰው ትሸሻለች። አቡ ሁረይራ ማደሪያውንም እጁንም ሰጥተዋታል፤ ከዚያ ሌላ ዕቃ አልነበራቸውም።

የመካና የመዲና ቤቶች ድመትን ያስገቡበት ሁለተኛው ምክንያት አይጥ ነው። ይህ ምክንያት በየትም አገር የታወቀ ቢሆንም በሒጃዝ ከእህሉ ሌላ እሳት ነበረበት። መብራቱ በዘይት የራሰ ክር ነው፤ አይጥ ደግሞ የዘይት ሽታ ትወዳለች። ሌሊት መጥታ የነደደውን ክር ጎትታ ምንጣፍ ላይ ትጥለዋለች። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ አንድ ጊዜ አይጥ ክሩን ጎትታ ነቢዩ የተቀመጡበት ምንጣፍ ላይ ጥላው፣ የአንድ ድርሃም ስፋት ያህል አቃጥላለች። ሲተኙ መብራት ማጥፋትና ዕቃ መክደን የታዘዘውም በዚሁ ነገር ነው። በሐረም ክልል ውስጥ፣ ኢሕራም የለበሰ ሰው አደን በተከለከለበት፣ እንዲገደሉ ከተፈቀዱት አምስት እንስሳት አንዷ አይጥ ናት፤ ቁራው፣ ጭልፊቱ፣ ጊንጡና ተናካሹ ውሻ ከእሷ ጋር ተቆጥረዋል። ርግብ እንኳን በማትነካበት ከተማ ድመቷ ሥራዋን በፈቃድ ትሠራለች ማለት ነው።

ድመት ቤት ስትገባ የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ንጽሕና ነበር። ውኃ በጠብታ በሚቆጠርበት አገር ድመት አፏን ያስገባችበት ዕቃ ይደፋ ወይስ አይደፋ? መልሱ የመጣው ከአንድ ቤት ውስጥ ከሆነ ነገር ነው። አቡ ቀታዳ የሚባሉት ሰሓባ ወደ ልጃቸው ቤት ሄዱ፤ የልጃቸው ሚስት ከብሻ የውዱእ ውኃ ቀዳችላቸው። ድመት መጥታ ከዕቃው ልትጠጣ ስትሞክር አዛውንቱ ዕቃውን ዘንበል አድርገው ያዙላት፤ እስክትጠግብ ጠጣች። ከብሻ አፍጥጣ ስታይ ጊዜ ገርሟት እንደሆነ ጠየቋትና ነቢዩ የተናገሩትን ነገሯት፦ ድመት ነጃሳ (ርኩስ) አይደለችም፤ በቤታችሁ ውስጥ በእናንተ መካከል ከሚዘዋወሩት ናት። ንግግሩ ድመቷን ከቤቱ አገልጋዮችና ልጆች ጋር በአንድ መደብ አስቀምጧታል፤ በር ሳያንኳኩ ከሚገቡ፣ ከሚወጡ ጋር።

ሌላው ታሪክ ከሁሉም ይልቅ ለዚህ ጽሑፍ ቅርብ ነው። አንዲት አገልጋይ አሳዳሪዋ ሐሪሳ አስይዛ ወደ ነቢዩ ባለቤት ወደ ዓኢሻ ቤት ትልካታለች። ሐሪሳ ስንዴና ሥጋ አንድ ላይ እስኪልም የሚቀቀልበት፣ ከገንፎ የማይርቅ ምግብ ነው። ስትደርስ ዓኢሻ ሶላት ላይ ናቸው፤ አስቀምጪው የሚል ምልክት ሰጧት። አስቀመጠችው። ድመት መጣችና ከሳህኑ በላች። ዓኢሻ ሶላታቸውን ሲጨርሱ ድመቷ ከበላችበት ቦታ ላይ በሉ። ይህን ያየችው አገልጋይ ለልጇ ነገረች፤ ልጇ ዳውድ ኢብን ሷሊህ አስተላለፈው፤ አቡ ዳውድ መዘገቡት። የሷ ስም አልተጻፈም፤ የት ተወልዳ እንደመጣችም አይታወቅም። ነገር ግን የሒጃዝ ድመት በታላቅ ቤት ማዕድ እንዴት ትስተናገድ እንደነበር የምናውቀው ትሪ ተሸክማ ደጃፍ ላይ የቆመች አንዲት ሠራተኛ አስተውላ ስላየች ነው።

ተቃራኒው ምሳሌም ተነግሯል። ድመት አስራ ሳታበላት፣ የምድር ነፍሳት እንኳ ለቅማ እንድትበላ ሳትለቃት በረሃብ ስለገደለችና ለቅጣት ስለተዳረገች ሴት የሚናገረው ሐዲስ በቡኻሪም በሙስሊምም የሐዲስ ስብስቦች ይገኛል። ሁለቱ ወገኖች ሲደመሩ የዘመኑን መሰናዶ ይነግሩናል። ዘንበል የሚል የውኃ ዕቃ፣ ከማዕድ የሚደርስ ምግብና ያልተዘጋ በር ካለ ቤቱ ድመት ለመቀበል ዝግጁ ነው። በሩ እንዳይዘጋ ማለት ከሌሎቹ አይተናነስም፤ ድመቷ ራሷ ታድናለች፣ ራሷም ውጭ ትጸዳዳለች።

ግልገሏ ወደ ቤት የምትመጣበት መንገድም የራሱ ወግ ነበረው። ጃቢር የተባሉት ሰሓባ ስለ ውሻና ስለ ድመት ዋጋ ተጠይቀው ነቢዩ እንዳልፈቀዱት መናገራቸው በሙስሊም የሐዲስ ስብስብ ተመዝግቧል። አብዛኞቹ የፊቅህ ሊቃውንት ሽያጩን ቢፈቅዱም ኢብኑል ቀይምን የመሳሰሉ ከልክለዋል፤ ድመት ከሰው ለሰው በነጻ ትሰጥ የሚለው አመለካከት በሒጃዝ ሥር ይዞ ኖሯል። የኛ አገር ባላገር ይህን ሲሰማ አይገርመውም። በአማራ ገጠር ግልገል ከጎረቤት ትጠየቃለች። እናቲቱ ጎታ ሥር ወይም የገለባ ክምር ውስጥ ትወልዳለች፤ ግልገሎቹ ጡት ሲጥሉ ጎረቤት ቀድሞ ያስያዘውን ይወስዳል። ማደሪያዋ ምድጃ ዳር ነው። አመዱ ሙቅ ነው፣ ማጀቱም ከዚያው ስለሆነ ፍርፋሪ አይታጣም፤ ስሟም አብዛኛውን ጊዜ ውሮ ነው። ወተት ወይም አጓት በስባሪ ገል ይቀመጥላታል፤ ፍትፍት ይጣልላታል። ሥጋ ከቤት ባታገኝም ጎተራው ሥር አይጥ አለላት።

አይጧ የሰጠቻት ነገር ምን እንደሆነ ሳይንስ የደረሰበት ዘግይቶ ነው። ድመት ያለ ሥጋ መኖር አትችልም፤ ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ሰውነቷ በበቂ አያመርትም። እ.ኤ.አ. በ1987 ፖል ፓየንና ባልደረቦቹ ይህ ሲጎድል የድመት ልብ እየሰፋ እንደሚደክም አሳዩ፤ የድመት ምግብ ፋብሪካዎችም ታውሪን መጨመር ጀመሩ። አይጥ በታውሪን የበለጸገች ናት። በወተትና በእንጀራ ፍርፋሪ ብቻ ያደገች የምትመስለው የገጠር ድመት ጤናዋን የምታገኘው ሌሊት ከምታድነው ነበር። አይጥ በሌለበት ፎቅ ያንኑ ወተትና ፍርፋሪ ብቻ መስጠት ግን ድመቷን ቀስ በቀስ መጉዳት ነው፤ ብዙ ጎልማሳ ድመቶችን ወተቱ ራሱ ያስቀምጣቸዋል።

በቀይ ባሕር ወዲህኛው ዳርቻ ደግሞ ሰው እውነተኛ ቤት የሠራለት፣ እሳት ያነደደለት፣ ምግብ የቀቀለለት ሌላ እንስሳ ነበር፤ ጥሪኝ። ሰው የድመት ዘመድ አድርጎ ያየዋል፤ በዝርያው ግን ከድመት ቤተሰብ ውጭ ነው። በሊሙ፣ በጅማ፣ በከፋና በዙሪያቸው በአብዛኛው ሙስሊም ቤተሰቦች ጥሪኝ ከዱር አጥምደው በእንጨት በተሠራ ጠባብና ረጅም ሣጥን ያኖሩት ነበር። ሣጥኖቹ የሚደረደሩበት ጎጆ እሳት አይጠፋበትም፤ ሙቀቱ ለሽቶ የሚሆነውን ዝባዱን ያበዛዋል ተብሎ ይታመናል። የሚሰጠው የበቆሎ ገንፎ፣ ሥጋና ቅቤ ነው። በየሳምንቱ ወይም በየዐሥር ቀኑ ገደማ ከጅራቱ ሥር ዝባዱ በቀንድ ማንኪያ ይጠረጋል። የተጠራቀመው በከብት ቀንድ ይታሸግና በጀበርቲ ነጋዴዎች እጅ በጎንደር በኩል ወደ ምጽዋ፣ ከምጽዋ ወደ ጅዳ ይሻገር ነበር። ኢትዮጵያ ለዓለም ሽቶ ሥራ ከሚቀርበው ዝባድ 90 በመቶ ያህሉን ታቀርብ የነበረችበት ጊዜ አለ። ለጥሪኝ የተደረገው ይህ ሁሉ መሰናዶ ለባለቤቱ ጥቅም እንጂ ለእንስሳው ምቾት አልነበረም። በዚያ ጠባብ ሣጥን ዕድሜውን የጨረሰ እንስሳ ሥቃዩ ከባድ ነው፤ ሻኔልን የመሰለ ሽቶ አምራች እ.ኤ.አ. በ1998 የተፈጥሮ ዝባድ መጠቀም ማቆሙም ደግ ሆነ። ከምድጃ ዳር የተኛችው ውሮ ግን በሯ ክፍት ነበር።

ዝባዱ በሚያልፍበት በዚያው የባሕር መንገድ ሰውም ተሽጦ አልፏል። ቡርክሃርት የተባለው ስዊሳዊ መንገደኛ እ.ኤ.አ. በ1814 ጅዳና መካ ሲደርስ በመካ ሀብታሞች ቤት የሐበሻ ሴቶች ብዙ መሆናቸውን ጽፏል፤ ሆላንዳዊው ስኑክ ሁርግሮንጄ እ.ኤ.አ. በ1885 መካ ተቀምጦ የከተማዋን የቤት ኑሮ ሲያጠናም ያንኑ አይቷል። ባርነት በሳዑዲ በሕግ የቀረው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። ማጀቱ በእነዚህ ሴቶች እጅ ከነበረ፣ የተረፈው አጥንት ለማን እንደሚጣልና የውኃው ገል የት ጥግ እንደሚቀመጥ የሚወስኑትም እነሱ ነበሩ ማለት ነው። ከሸዋና ከወሎ፣ ከኦሮሞና ከጉራጌ አገር ተወስደው ምድጃቸውን ትተው የሄዱ ሴቶች ናቸው። ከሄዱበት ቤት ሁሉ ሙሉ ለሙሉ እንግዳ ያልሆነችባቸው ፍጥረት ምናልባት ያቺ ድመት ነበረች።

የአሮጌው ጅዳ ቤት ለድመት የተመቸ ነበር። ከባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይ አራትና አምስት ፎቅ ይሠራል፤ መስኮቶቹ ሮሻን በሚባል በጥሩ ጥርብ እንጨት የተሸፈኑ ናቸው። እንጨቱ ነፋስ ያስገባል፣ ሴቶቹን ከውጭ ዓይን ይከልላል፤ ሳይታሰብም ግልገል እንዳትወድቅ ያደርጋል። ምድር ቤቱ ዕቃ ማከማቻ ስለሆነ አይጥ አይጠፋም። ጣሪያው ሰው በሙቀት ጊዜ የሚያድርበት ሲሆን ቤቶቹ ተጠጋግተው ስለቆሙ ድመቷ ከጣሪያ ጣሪያ እየተራመደች ሰፈሩን ታዳርሳለች። እ.ኤ.አ. በ1881 ገደማ ያለቀው የናሲፍ ቤትና በዙሪያው ያሉት ጠባብ መንገዶች እ.ኤ.አ. በ2014 በዩኔስኮ ተመዝግበዋል፤ አልበለድ የሚባለውን ይህን አሮጌ ሰፈር ዛሬ የሚጎበኝ ሰው በየደረጃው የተጋደሙ ድመቶችን ሳያይ አይመለስም።

የአሮጌው ጅዳ ድመት ያጣችው ነገር ውኃ ነበር። የጅዳ ጉድጓድ ጨዋማ ስለነበረ ውኃ ከዝናብ ማጠራቀሚያ ይቀዳ ወይም በቆዳ ከሚሸከሙ ሻጮች ይገዛ ነበር። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የመጣው ከንዳሳ የሚሉት የባሕር ውኃ ማጣሪያ ማሽንም እየተበላሸ ሕዝቡን ሲያስጠማ ኖሯል። እንዲህ ባለ ከተማ ለድመት ገል ሙሉ ውኃ ማስቀመጥ ከኪስ የሚወጣ ሰደቃ ነበር።

አይጥና መርከብ ደግሞ ሌላ መዘዝ አመጡ። እ.ኤ.አ. ከ1897 ጀምሮ በነበሩት ተከታታይ ዓመታት በአይጥ ቁንጫ የሚተላለፈው ቸነፈር ከሕንድ ተነስቶ ጅዳ ገባ። በዚህ የተነሳ ድመት ለጥቂት ጊዜ የጤና ጥበቃ መሣሪያ ሆና ተቆጠረች፤ በሕንድ የነበረው ሐኪም አንድሩ ቡካናን እ.ኤ.አ. በ1908 ድመት ያላቸው መንደሮች ከቸነፈር ይተርፋሉ ብሎ ጻፈ፤ ሮበርት ኮህም በዚያው ዓመት ጃፓንን ጎብኝቶ ድመት አርቡ ሲል መከረ። ምክሩ ግማሽ እውነት ነበረው። ድመት አይጥ ብትቀንስም ቸነፈሩ ራሷን ይይዛታል፤ ለሰውም ልታስተላልፍ ትችላለች።

ከዚያ እ.ኤ.አ. 1947 መጣ። በዚያ ዓመት የጅዳ አሮጌ ግንብ ፈረሰ፤ ከወዲ ፋጢማ የተሳበው ዐይን አልዐዚዚያ የተባለው ውኃም ከተማዋ ደረሰ። በዚያው ዓመት ጥር ላይ በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት ኤድዋርድ ሎው የሚባል ወጣት ነጋዴ ጎረቤቱ ለድመቷ አሸዋ ስትለምነው፣ የእሷ አሸዋ በብርድ ደርቆባት ነበርና፣ ለፋብሪካ ቅባት መምጠጫ ከሚሸጠው የሸክላ አፈር ሰጣት። እሷም ከአመድና ከአሸዋ ይህ ይሻላል አለችው። ሎው አፈሩን በከረጢት እያሸገ ኪቲ ሊተር ብሎ በ65 ሳንቲም መሸጥ ጀመረ። ከዚያ ቀን በፊት ቤት ውስጥ የምትኖር ድመት አብዛኛውን ጊዜ የምትጸዳዳው በአመድ፣ በአሸዋ ወይም በሰጋቱራ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 ደግሞ ቶማስ ኔልሰን ሲረጥብ የሚጓጉል ቤንቶናይት አፈር አገኘ፤ ዛሬ በጅዳ ሱፐርማርኬት በከረጢት የሚሸጠው ይኸው ነው። ሽታ የሚይዘው ይህ አፈር ባይኖር ድመትን በፎቅ ዘግቶ ማኖር እጅግ ባስቸገረ ነበር።

ዘግቶ ማኖር ሲቀል ደግሞ ዘር መምረጥ ተስፋፋ፤ ዘር ሲመረጥም ገበያው ደመቀ። ሺራዚዋ የፋርስ ናት፤ ከሷ ጋር የምትሸጠው አቢሲኒያን ደግሞ በኛ ስም የምትጠራ ናት። ስሙ የመጣው ከመቅደላ ዘመቻ ነው። የእንግሊዝ ጦር የወረደባት ወደብ ዙላ ናት፤ ጦሩ እ.ኤ.አ. በ1868 ሲመለስ የካፒቴን ባሬት-ሌናርድ ባለቤት የያዟት ድመት ዙላ ተብላ ተጠራች፤ ጎርደን ስቴብልስ እ.ኤ.አ. በ1874 ባሳተመው የድመት መጽሐፍ ሥዕሏን አወጣ። በኋላ የተደረገው የዘረመል ጥናት ግን የዚህችን ዘር መልክ የሚያሳየው ባሕርይ ከሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ እንደመጣ ያመለክታል። እ.ኤ.አ. በ2007 የድመት ዘረመል ለመጀመሪያ ጊዜ በረቂቅ ሲነበብ የተነበበው የአቢሲኒያን ዘር በሆነችው ሲናመን ላይ ነው። ከመቅደላ ስለተዘረፈው መጽሐፍና ታቦት ብዙ ተጽፏል፤ ድመቷን የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

ገበያው ሲደምቅ በሒጃዝ ጠብ አስነሳ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2006 የሳዑዲ የሃይማኖት ፖሊስ በጅዳና በመካ ውሻና ድመት እንዳይሸጥ የሚል ትእዛዝ አወጣ። ምክንያቱ ወጣቶች እንስሳቱን እየገዙ በአደባባይ ይዘው መዞራቸው ነው ተባለ፤ ከምዕራባውያን የተኮረጀ ልማድ ሆኖ ታየ። ውሻው ላይ የተባለው ብዙ ሰው አላስገረመም። የድመቷ ግን የነቢዩን ሐዲስ የሚያውቀውን ሁሉ ግራ አጋባ፤ ከአቡ ሁረይራ አገር ድመት ስትከለከል ማን ዝም ይላል? ክልከላው በጅዳ ሱቆች ጎልቶ አልተተገበረም፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በሪያድም ተመሳሳይ ትእዛዝ ወጣ፤ ቀስ በቀስም ተረሳ። እ.ኤ.አ. በ2013 የባሕረ ሰላጤው አገሮች የእንስሳት ርኅራኄ ሕግ በሳዑዲ ጸና። እንስሳ የሚያሠቃይ ሰው እስከ 400 ሺህ ሪያል ሊቀጣ እንደሚችል ይደነግጋል። ከትሪው ተሸካሚ ሴት እስከዚህ ሕግ የተጓዘው አስተሳሰብ መነሻው አንድ ነው።

በዚያው እ.ኤ.አ. በ2013 ኅዳር ላይ የጀመረው የሰነድ አልባ ስደተኞች አፈሳ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ወደ አገራቸው መልሷል። በየቤቱ የነበረውን ሥራ የሚያውቁት እጆች አንድ ላይ ሄዱ። ድመት ደግሞ የለመደችው ሰውና ሰዓት ሲለወጥባት ምግብ ትተዋለች፣ ትደበቃለች፣ ከሣጥኗ ውጭ ትሸናለች። በተቀጣሪ እጅ የምትኖርን ድመት ለሚቀበል ቤት ሁሉ ከሳህኑ የሚቀድም ጥያቄ ይህ ነው፦ ሠራተኛዋ ስትሄድ ማን ይረከባታል?

ዛሬ በሩሰይፋ አንድ ፎቅ ውስጥ ግልገል የምትቀበል ሐበሻ የምታደርገው መሰናዶ ከጥንቱ የሚለየው በአንድ ምክንያት ነው፤ በሩ ተዘግቷል። ሮሻኑ የለም፤ በቦታው የሚንሸራተት መስታወት አለ። እ.ኤ.አ. በ1987 በኒው ዮርክ የወጣ ጥናት ከፎቅ ወድቀው የመጡ 132 ድመቶችን መዝግቧል፤ ከታከሙት 90 በመቶው ቢተርፉም ብዙዎቹ ደረታቸው ተጎድቶ፣ መንጋጋቸው ተሰብሮ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መስኮቱን በጠንካራ ወንፊት መዝጋት ነው። ሁለተኛው አንዲት ጸጥ ያለች ክፍል መምረጥ ነው፤ ግልገሏ የመጀመሪያዎቹን ቀናት እዚያ ትቆያለች፤ ቤቱን ሁሉ በአንድ ቀን ብትለቀቅበት ከማቀዝቀዣው ጀርባ ገብታ ትቀራለች። የአሸዋው ሣጥን ከምግቡና ከውኃው ራቅ ይላል፤ ድመት በምትበላበት አጠገብ አትጸዳዳም። ጠርዙ ለትንሽ እግሯ ዝቅ ያለ ይሁን።

በሐበሻ ቤት የሚጨመር ጥንቃቄም አለ። ቡናው ሲፈላ የሚጨሰው ዕጣን፣ በሒጃዝ ቤት ደግሞ ቡኹሩ፣ በተዘጋ ክፍል ለትንሽ ሳንባ ይከብዳል፤ በዚያ ሰዓት የግልገሏ ክፍል ተዘግቶ መስኮቱ ገርበብ ቢል ይበቃል። ሽንኩርት የገባበት ወጥ ፈጽሞ አይሰጣትም፤ ቀይም ነጭም ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴል ይሰብራል። ፓራሲታሞል አንድ ፍሬ እንኳን ሊገድላት ይችላል። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት አሸዋውን ሌላ ሰው እንዲቀይርላት ብታደርግ፣ ካልሆነም ጓንት አድርጋ በየቀኑ ብታጸዳ ቶክሶፕላዝሞሲስ የሚባለውን በሽታ ትከላከላለች። አሳዳሪዎች ይህን ሊያውቁ ይገባል፤ በሰው ቤት ያለች ነፍሰ ጡር ግን እምቢ የማለት ዕድሏ ጠባብ ነው።

ድመትን በተዘጋ ፎቅ የማኖር ጥያቄ አሁን አዲስ አበባም ደርሷል። እ.ኤ.አ. ከ2005 ገደማ ወዲህ በተሠሩት ኮንዶሚኒየሞች አራተኛ ፎቅ ላይ ምድጃ የለም፣ ስለዚህ አመድ የለም፤ ጎተራ የለም፣ ስለዚህ በታውሪን የምትመግብ አይጥ የለችም። ከጅዳ የተመለሰች እህት ግን የአሸዋውን ሣጥን አዘገጃጀት ታውቃለች። የታሸገው አፈር ካልተገኘ በወንፊት የተነፋ አሸዋ በላስቲክ ሳፋ ይሠራል፤ በየቀኑ ይዛቃል፣ በየሳምንቱ ይቀየራል። ከዚያ የሚቀረው ግልገሏ ሦስት ወር ሲሞላት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ማስከተብ፣ በዓመቱም መድገም ነው።